ከአሮጌው ወለል ምን ያህል ይፋቅ?

ሰው ያረጀበትን ነገር በሦስት መንገድ ያድሳል። አንደኛው በላዩ መጨመር ነው፤ ሁለተኛው ከላዩ መቀነስ ነው፤ ሦስተኛው የተበላሸውን ክፍል አውጥቶ በምትኩ ሌላ ማግባት ነው። ልብሱን የሚጥፍና ማሳውን ፍግ የሚያለብስ ይጨምራል፤ ዛፉን የሚከረክምና ማረሻውን የሚስል ይቀንሳል፤ የነቀዘ ምሰሶ ነቅሎ ሌላ የሚያቆም ይለውጣል። ሕግን፣ ልማድንና የራሱን ጠባይ ለማሻሻል የሚነሣ ሰውም፣ ቢያውቀው ባያውቀው፣ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፤ ከአባቶቹ ያረጀ ነገር የተረከበ ሰው ያን ነገር ለማደስ ሲል ምን ያህሉን ፍቆ ሊጥለው ይገባዋል? ከየት ላይ ሲደርስስ እጁን ሊሰበስብ ይገባዋል?

ጥያቄው ትልቅ ስለ ሆነ በትንሽ ነገር ብንጀምረው ይሻላል። እኔ ለዚህ ነገር ከወለል የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ብዙውን ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በጉልበቴ ተንበርክኬ የሰው ቤት ወለል ሳድስ ነውና። ከቤት ክፍል ሁሉ እንደ ወለል የተናቀ የለም። ጣራውን ሰው ቀና ብሎ ያየዋል፤ ግድግዳውን በሥዕልና በመጋረጃ ያስጌጠዋል፤ ወለሉን ግን ይረግጠዋል። ዳሩ ግን የሰውን ኑሮ እንደ ወለል መዝግቦ የሚይዝ ነገር የለም። የቤቱ ሰዎች በየት በኩል እንደሚገቡ፣ የት እንደሚቀመጡ፣ የት ቆመው እንደሚጸልዩ፣ ሕፃኑ የት እንደሚጫወት፣ ወለሉ ሁሉንም በአካሉ ላይ ጽፎ ያስቀምጠዋል።

እኔ የተወለድሁት በወሎ፣ በቦረና፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙ በማይርቅ ደጋ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተጓዘ ሰው ገደሉንና ቆላውን አቋርጦ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሞቱበትን አምባ መቅደላን ያገኛል። ያ አገር ለእንጨት ያልታደለ አይደለም፤ በደንቆሮ ደን ውስጥ ጥዱም፣ ወይራውም፣ ኮሶውም፣ አስታውም አለ። ነገር ግን የገበሬው ቤት ወለል ከጥንት ጀምሮ አፈር ነው። እንጨት ለምሰሶና ለማገር፣ ለሞፈርና ለቀንበር፣ ይልቁንም ለማገዶ ይፈለጋልና ለእግር መርገጫ የሚተርፍ የለም።

ይህን የአፈር ወለል የሚያድሱት ሴቶች ናቸው። ለፋሲካ ወይም ለመውሊድ፣ ለሠርግ ወይም ለክርስትና፣ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። ለማያውቅ ሰው ሥራው መጨመር ብቻ ይመስለዋል። እናቴ ግን እበቱን ከማቅረቧ በፊት የላላውን ቅርፊት በገል ትፍቀው ነበር፤ የተቦረቦረውን በጭድ በተቦካ ጭቃ ትደፍነው ነበር፤ ከዚያም በኋላ በደረቁ ወለል ላይ ውሃ ትረጭ ነበር። አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ ለምን ታርሽዋለሽ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «አሮጌው ካልራሰ አዲሱን አይዝም፤ በነጋታው ተሰንጥቆ ይነሣል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማደስ ከብዙ ሰው ብዙ ቃል ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ግን አልሰማሁም።

የአፈር ወለል ግን አንድ ትልቅ ዕድል አለው። መሣሪያው ከደጅ ነው፤ አፈሩም፣ ጭዱም፣ እበቱም አያልቅም። ስለዚህ ለቅላቂዋ የምትፈራው መሰንጠቁን ነው እንጂ ማለቁን አይደለም። ዘንድሮ ሥራው ቢበላሽ በሚመጣው በዓል ይስተካከላል። የእንጨት ወለል ግን በሌላ ሕግ የሚኖር ነው።

ይህን ሌላ ሕግ ያወቅሁት ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜ የጠገቡ የጣውላ ወለሎች አሉ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1898 ዓ.ም. ያሠሩት ሆቴል ለዚህ ምስክር ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣ ቃጠሎ ከፊሉ ቢጎዳም ተመልሶ ታድሷል፤ የእንጨት ወለሉን የረገጠ ሰው ሲጥ ሲጥ የሚለውን ድምፁን አይረሳውም። በዚያ ዘመን ለእንደዚህ ያለው ሥራ የሚውለው እንጨት ጥድና ዝግባን የመሰለው የደጋ ዛፍ ነበር። ጥድ ደግሞ የችኮላ ዛፍ አይደለም። የመናገሻ ሱባን ጥድ ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ያስተከሉት በ15ኛው መቶ ዘመን የነበሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው እየተባለ ይነገራል። ነገሩ እንደ ተባለው ቢሆን፣ ተካዩ በጥላው አልተቀመጡም፤ ቆራጩም ሲቆርጠው ተካዩን አያውቃቸውም። የጣውላ ወለል ባለቤት የሆነ ሰው እንግዲህ ከእግሩ በታች ያለው ነገር በርሱ ዕድሜ የማይተካ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

አሁን ልኬቱን እንመልከት፤ በዚህ ነገር ውስጥ ያለው ፍሬ ቃል ከልኬቱ ነውና። እርስ በርሱ እየተጋጠመ የሚሠራ የወለል ጣውላ ብዙውን ጊዜ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። አንደኛው ጠርዙ እንደ ምላስ ወጣ ያለ ነው፤ ሌላው ጠርዙ እንደ ቦይ የተሠረሠረ ነው፤ የአንዱ ምላስ በሌላው ቦይ ገብቶ ይያያዛል። ከዚያ ከምላሱ በላይ ያለው እንጨት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ወለል በመኪና ሲፋቅ በአንድ ጊዜ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ጣውላው ተጣሞ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ፈቂው ወደ ምላሱ ከደረሰ ጠርዙ እየሳሳ ይሰነጠቃል፤ ሚስማሩ ይወጣል፤ ወለሉ ወለል መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ ወፍራሙ የሚመስለን ጣውላ በእውነቱ የሚፋቅ ሀብቱ ከጣት ጥፍር ወርድ አይበልጥም።

በዚህች ጠባብ ሀብት ላይ የሚሠራ ሰው ሥራውን በሥርዓት ካልሠራ ጥፋቱ አይመለስም። አስቀድሞ የቀረውን ውፍረት በደፍ በኩል ወይም በአንድ ጥግ ገልጦ ይለካል። ብቅ ያለውን ሚስማር ሁሉ ወደ ውስጥ ያሰምጣል። ከዚያ በኋላ ሻካራውን ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ይጀምራል፤ ቁጥሩ 40 ከሆነ ቀጥሎ 60፣ ቀጥሎ 80፣ ቀጥሎ 100 እያለ ወደ ለስላሳው ይሄዳል። ቁጥሩ እያደገ በሄደ መጠን አሸዋው እየደቀቀ ይሄዳል። እያንዳንዱ ወረቀት የሚሠራው ከፊቱ ያለፈው ወረቀት የጫረውን ጭረት ማጥፋት ነው። ቸኩሎ ከ40 ወደ 100 የዘለለ ሰው ወለሉን በእጁ ቢዳስሰው ለስልሶ ያገኘዋል፤ ባለቤቱም ያመሰግነዋል። ቫርኒሹ ተቀብቶ የማለዳ ፀሐይ በመስኮት የገባች ዕለት ግን ያ የተዘለለው ጭረት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። የተደበቀውን ጉድለት የሚያወጣው ጨለማው ሳይሆን ጌጡ ነው።

ሁለት ሌሎች ደንቦችም አሉ። መኪናው የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አግድም አያቋርጠውም፤ አግድም የተፋቀ እንጨት ጭረቱ ጠልቆ ይቀራል። ደግሞም መኪናው እየዞረ ባለበት ሰዓት በአንድ ቦታ ላይ ከቶ አይቆምም። ቆሻሻ ያየ ልጅ፣ «ይህቺን ብቻ ላጥፋት» ብሎ በአንዲት ነጥብ ላይ ሲያቆመው፣ ቆሻሻው ይጠፋና በቦታው ጎድጓዳ ይተካል። ያን ጎድጓዳ ለማስተካከል የክፍሉን ወለል ሁሉ ወደ ጎድጓዳው ልክ ማውረድ ይጠይቃል። ለአንዲት ነጠብጣብ ሲባል መላው ክፍል ይከስራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንድ ወለል ጠቅላላ ዕድሜው ስድስት ወይም ሰባት ፍቀት ነው እንበል። በደንብ የተያዘ ቤት በ20 ዓመት አንድ ጊዜ ቢፋቅ፣ ያ ወለል ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ያኖራል። ሦስት ወይም አራት ትውልድ ማለት ነው። እንግዲያው ዛሬ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ድርሻው ስንት ነው? ቤቱ የርሱ ነው፤ መዝገቡም በስሙ ነው፤ ሁሉንም ቢፍቀው የሚከሰው ዳኛ የለም። በሕሊና ፊት ግን ድርሻው አንድ ሚሊ ሜትር፣ ቢበዛ ሁለት ሚሊ ሜትር ናት። የቀረው ገና ያልተወለዱት ሰዎች ገንዘብ ነው። አደራ የሚባለው ነገር እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ በሥፍራው የለምና ሊጠይቅህ አይችልም፤ ስለዚህም የሚጠብቀው የአንተ እጅ ብቻ ነው።

ይህን ስናገር ማደስን የሚጠላ ሰው የሚደሰት እንዳይመስለው። ብዙ ቤት የሚበላሸው ከመፋቅ ይልቅ ባለመፋቅ ነው። ባለቤቱ አሮጌውን እድፍ ሳያነሣ በየበዓሉ በላዩ ሰም ይቀባበታል። ሰሙ እድፉን ይዞ ይደርቃል፤ በሚመጣው ዓመት ሌላ ሰም ሌላ እድፍ ይዞ ይደረብበታል፤ በመጨረሻም ወለሉ እንደ ጥላሸት ይጠቁራል። የቅኔ ሰው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣል፤ ይህኛው ባለቤት ግን ሰም በሰም ላይ እየጨመረ ወርቁን ይቀብረዋል። ጥቁረቱንም «የአባቶቼ መልክ ነው» ይለዋል። የአባቶቹ መልክ ከሥር ያለው ቀይ ጥድ ነው እንጂ የተጋገረው እድፍ አይደለም። ልማዱን ሁሉ፣ ክፉውንም ደጉንም፣ ሳይመረምር «የጥንት ነው» እያለ የሚያከብር ሰው ከዚህ ባለቤት አይለይም።

ሌላው ስሕተት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ወንድማማቾችና እኅታማቾች ከእናታቸው የወረሱትን ቤት እንድናድስ ጠሩን። ወለሉ ሰፋፊ ጣውላ ነበረ። በመስኮቱ አጠገብ፣ ሁለት እግር በሚያህል ቦታ፣ ጣውላው ጎድጎድ ብሎ ጠቁሮ ነበር። ታላቅየው ወንድም፣ «ይህ ጉድጓድ እስኪጠፋ ድረስ ይፋቅ፤ ቤቱ አዲስ መምሰል አለበት» አለ። ጌታዬ የነበሩት አናጢ ደፉን አንሥተው ለኩና፣ ጉድጓዱን ለማጥፋት ወለሉ ሁሉ 4 ሚሊ ሜትር መውረድ እንዳለበት፣ ከዚያም በኋላ ከምላሱ በላይ የሚቀረው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ እንደ ሆነ ነገሩት። ታላቅየው፣ «ለእኔ ዕድሜ ይበቃኛል» ሲል መለሰ። በዚህ ጊዜ ታናሽ እኅታቸው፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ እማማ ማለዳ ማለዳ ቆማ ስትጸልይ የኖረችበት ነው» አለችው። ሰውየው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ እድፉ ብቻ እንዲነሣና ጎድጓዳው እንዲቀር አዘዘ።

እኔ በዚያ ቀን የገባኝ ነገር ይህ ነው። እድፍና አሻራ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ከአዲሱ ነገር ይለያሉና። እድፍ ግን ከውጭ መጥቶ በእንጨቱ ላይ የተቀመጠ ባዕድ ነገር ነው፤ ሲነሣ እንጨቱ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። አሻራ ግን የእንጨቱ የራሱ መልክ ሆኗል፤ እርሱን ለማንሣት እንጨቱን ራሱን ማንሣት ያስፈልጋል። አንድ ነገር እድፍ ይሁን አሻራ የሚታወቀው፣ ለማጥፋት የሚከፈለው ዋጋ ሲለካ ነው። አሻራን ሁሉ ለማጥፋት የሚጥር ሰው አገራችን «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ያለችውን ተረት ቃል በቃል ይፈጽመዋል።

ምናልባት ወጣት አንባቢዬ ይህን ሲያነብ፣ «ከአባቶች የወረስነው ሁሉ አሻራና እድፍ ብቻ ነውን? የበሰበሰስ የለምን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ምስጥ የበላው ጣውላ ላዩን ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ በመዶሻ ሲመቱት ግን ድምፁ ባዶ ነው። እንደዚህ ያለውን ጣውላ ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት ማታለል ነው፤ አንድ ቀን የሰው እግር ይሰብራል። መውጣትና መለወጥ ይገባዋል። በአገራችን ታሪክ ውስጥም እንዲህ ያለ ጣውላ ነበረ። ሰውን በባርነት መግዛት የቆየ ልማድ ነበር፤ ሕጋዊ መሠረቱ በአዋጅ የተሻረው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ጭሰኛው የሚያርሰውን መሬት ባለቤት አለመሆኑም የቆየ ሥርዓት ነበር፤ እርሱም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተሽሯል። እነዚህን በመፋቅና በማለስለስ ማደስ አይቻልም ነበር፤ መነቀል ነበረባቸው።

የበሰበሰውን ጣውላ የነቀለ እጅ ግን ብዙ ጊዜ በዚያ ላይ አይቆምም። መዶሻውን እንደ ያዘ ወደ ደህናው ጣውላ ያልፋል። የ1967ቱ ለውጥ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው የአገሪቱ የተማሩ ልጆች እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ያለቁት ወጣቶች ዛሬ ብዙዎቹ አያት በሆኑ ነበር። በየወገኑ የነበረው ሰው እድፍ አጠፋለሁ ይል ነበር። መኪናው በአንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሲዞር ምን እንደሚያደርግ ከላይ ተናግሬያለሁ፤ ያ ጎድጓዳ እስከ ዛሬ በየቤቱ አለ።

የእንጨት ሥራ በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ያስተምራል። በእኛ ደጋ የሚበቅለው ተልባ ዘይቱ ለእንጨት መድኃኒት ነው፤ እንጨቱ ጠጥቶት ይወዛል፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶም ይጠነክራል። ዘይቱን የቀባንበት ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ በአንድ ጥግ ከተጣለ በዚያው መዋሐድ ምክንያት ከውስጥ እየጋለ ይሄድና ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ አዋቂ ሠራተኛ ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርግቶ ያደርቀዋል፤ ወይም ውሃ በተሞላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይከተዋል። ቤት ለማደስ ያነሣነው መሣሪያ ሥራው ካለቀ በኋላ በቤቱ ውስጥ ተረስቶ እንዳይቀር መጠንቀቅ ከሥራው ያልተለየ ግዴታ ነው። ይህ ለጨርቅ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ቁጣም እንደዚሁ ነው።

ደግሞ ወለሉ ሲያበራ ባለቤቱ የማያየው አንድ ዕዳ አለ። የተፋቀው እንጨት ወዴት ሄደ? ከፊሉ ሰጋቱራ ሆኖ በከረጢት ተጠርጎ ወጥቷል፤ የደቀቀው ግን በፈቂው ሳንባ ውስጥ ገብቷል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨትን ብናኝ በ1987 ዓ.ም. ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መድቦታል። አፉንና አፍንጫውን በሚገባ ጭንብል ሳይሸፍን የሚሠራ ልጅ ለሌላው ሰው ጌጥ ትንፋሹን ይከፍላል። እንግዲህ ያላስፈለገ ፍቀት ሁለት በደል አለበት፤ አንዱ በሚመጣው ትውልድ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ዛሬ ተንበርክኮ በሚፍቀው ሰው ላይ ነው። አዲስ ነገር የሚያዝ ሰው ሁሉ፣ ሥራው ውስጥ የሚገባውን ሰው ትንፋሽ ከሒሳቡ እንዳያወጣው።

ታዲያ ወለል ሳይፋቅ ብዙ እንዲቆይ ምን ይደረግ? ወለልን የሚበላው የእግር ክብደት አይደለም። ከጫማ ሥር ተጣብቆ የሚገባው አሸዋ ነው። ብርጭቆ ወረቀትም በወረቀት ላይ የተለጠፈ ደቃቅ አሸዋ መሰል ነገር ስለ ሆነ፣ ጫማውን ሳይጠርግ የሚገባ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ቤቱን እየፋቀ ይሄዳል። የእኛ አገር ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባም፣ ወደ መስጊድ ሲገባም ጫማውን በደጅ ያወልቃል። ይህን የሚያደርገው ለአምላኩ ክብር ነው፤ ነገር ግን ክብሩ ወለሉንም አብሮ ይጠብቀዋል። ቤቱን በየዕለቱ የሚጠርግ፣ ከደጁ ምንጣፍ የሚያነጥፍ፣ የፈሰሰውን ውሃ ቶሎ የሚያብስ ሰው ፈቂ የሚጠራው በስንት ዘመን አንድ ጊዜ ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደ ተባለው፣ የብዙ ነገር ዕድሜ የሚያጥረው በእርጅናው ሳይሆን በአያያዙ ነው። ማደስ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ መያዝ ግን የሚያስመሰግን አይደለም፤ ማንም አያየውምና። ስለዚህ ብዙ ሰው አዳሽ መባልን ይወዳል፤ ጠባቂ ለመሆን የሚሻ ጥቂት ነው።

አንተም፣ አንቺም፣ ይህን የምታነቡ ወጣቶች፣ ነገ ያረጀ ነገር መረከባችሁ አይቀርም። ቤት ሊሆን ይችላል፤ የመሥሪያ ቤት ደንብ ሊሆን ይችላል፤ ዕድር ወይም ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ የገዛ ቤተ ሰባችሁ ስም ሊሆን ይችላል። በእጃችሁ ያለው መሣሪያ ከአባቶቻችሁ መሣሪያ የበረታ ነው፤ እነርሱ በመላጊያና በእጅ አንድ ወር የሚፈጅባቸውን እናንተ በመኪና በአንድ ቀን ትጨርሱታላችሁ። መሣሪያው በበረታ መጠን ግን ስሕተቱም ይፈጥናል። ስለዚህ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ ነገር እድፍ ነው፣ አሻራ ነው፣ ወይስ ብስባሽ ነው? ከምላሱ በላይ የቀረው ስንት ነው? ከእኔ በኋላስ በዚህ ወለል ላይ የሚቆመው ማን ነው? እድፍ ከሆነ አንሡት፤ አትፍሩ። ብስባሽ ከሆነ ነቅላችሁ ከቻላችሁ በዚያው በዓይነቱ እንጨት ተኩት፤ ጎረቤቱን ጣውላ አትንኩት። አሻራ ከሆነ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፤ እድፉን አጥባችሁ ዘይት አጠጡትና ተዉት።

እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ወለል አድሻለሁ፤ ከነዚያም ውስጥ ፍጹም ሆኖ እንደ መስተዋት የተስተካከለ አንድ እንኳ አላየሁም። ቤቶቹም አልፎ አልፎ ባለቤት ለውጠዋል። ዛሬ በውስጣቸው የሚኖሩት ሰዎች ማን እንደ ፋቃቸው አያውቁም፤ ማወቅም አያስፈልጋቸውም። ወለሉን ሲረግጡት ጸንቶ ከያዛቸው፣ ተራቸው ደርሶ ደፉን አንሥተው ሲለኩም የሚፋቅ እንጨት ካገኙ፣ የቀደመው ሠራተኛ ዕዳውን ከፍሏል።